ስለ ሠዓሊው ዊልያም ባርትራምና ስለ ታላቁ የረግረግ ሜዳ

እግዚአብሔር ለሰው ዓይንን የሰጠው በመንገድ ላይ እንዳይሰናከል ብቻ አይደለም። የፈጣሪውን ሥራ አይቶ እንዲያደንቅ፥ ያደነቀውንም ለሌላው እንዲያሳይ ነው። ነገር ግን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል ማለት አይደለም። በአንድ ሜዳ ሁለት ሰዎች ቢያልፉ አንዱ ሣርና ውኃ ብቻ አይቶ ያልፋል፤ ሁለተኛው ግን የሣሩን ዓይነት፥ የውኃውን መልክ፥ የወፉን አረማመድ ይመለከታል። ያለፉበት መንገድ አንድ ነው፤ ያተረፉት ትርፍ ግን አንድ አይደለም።

ከብዙ ዘመን በፊት በአሜሪካ አገር አጥብቆ ማየትን የተማረ አንድ ሠዓሊ ነበረ። ስሙም ዊልያም ባርትራም ይባል ነበር። የሕይወቱና የሥራው ታሪክ ለልጆች ትምህርት የሚሆን ስለ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል። በታሪኩ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዊልያም በ1739 ዓመት በፊላዴልፊያ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ጆን ባርትራም ገበሬ ነበረ፤ ነገር ግን ዕፀዋትን እጅግ ይወድ ስለ ነበረ ከሩቅ ስፍራ ዘርና ችግኝ እየሰበሰበ በቤቱ አጠገብ ታላቅ የአትክልት ቦታ አቆመ። ስለ ዕውቀቱም በ1765 የእንግሊዝ ንጉሥ ሦስተኛው ጆርጅ የንጉሥ የዕፀዋት ሊቅ አድርጎ ሾመው። ልጁም ከአባቱ ጋራ በዱርና በወንዝ ዳር እየተመላለሰ አደገ። ገና ልጅ ሳለ ቅጠልና ወፍ መሣል ጀመረ፤ እጁም ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስል ነበር።

አባቱ በልጁ ሥዕል ደስ ይለው ነበር፤ ነገር ግን ሥዕል እንጀራ ይሆነዋል ብሎ አላመነም። ስለዚህ ንግድ ይማር ዘንድ ለአንድ ነጋዴ ሰጠው። ዊልያምም አባቱን ታዞ ንግዱን ተማረ፤ በ1761 ወደ ሰሜን ካሮላይና ሄዶ መነገድ ጀመረ፤ ንግዱ ግን ከሰረበት። በ1766 ደግሞ በፍሎሪዳ አገር በሴንት ጆንስ ወንዝ ዳር እርሻ አቀና። በዚያ ዘመን በዚያ አገር በነበረው ክፉ ልማድ አባቱ ለእርሻው ሥራ ባሮች ገዝቶ ሰጥቶት ነበር። እርሻውም አልሰመረም፤ ዊልያም ታሞና አዝኖ ትቶት ሄደ። ሰው ወንድሙን በገንዘብ ገዝቶ ያለ ዋጋ ሲያሠራው ከዚያ ሥራ በረከት አይገኝም። ዊልያምም በኋለኛው ዕድሜው ይህን ተረድቶ፥ የአገሩ ሰዎች ባርነትን እንዲተዉ የሚመክር ጽሑፍ ጻፈ።

እንግዲህ ዊልያም ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በጀመረው ሥራ ሁሉ የማይሳካለት ሰው ተባለ። ነገር ግን በመከራው ሁሉ መካከል ሥዕሉን አልተወም ነበር። ሥዕሎቹም ባሕር ተሻግረው ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ፤ በለንደን የሚኖር ጆን ፎዘርጊል የሚባል ሐኪም አያቸው። ይህ ሐኪም ዕፀዋትን የሚወድ ባለጸጋ ሰው ነበረ። በ1772 ለዊልያም በየዓመቱ 50 ፓውንድ ሊሰጠው፥ ለሥዕሎቹም ለብቻ ሊከፍለው ተስማማ። ዊልያምም በአሜሪካ አገር በደቡብ በኩል ባሉት ግዛቶች እየዞረ ዘርና ችግኝ እንዲልክለት፥ ያየውንም አውሬና ወፍ እንዲሥልለት ሆነ። እነሆ፥ እንጀራ አይሆንም የተባለው ሥራ እንጀራ ሆነ። በመጋቢት ወር 1773 ከፊላዴልፊያ ተነሣ፤ ወደ ቤቱም የተመለሰው አራት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1777 ነው።

በ1774 በጸደይ ወራት ባርትራም ከነጋዴዎች ጋራ ሆኖ በሰሜን ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ወደ ታላቁ የአላቹዋ ሜዳ ደረሰ። ፍሎሪዳ ብርዱ ቀላል የሆነ አገር ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ሙቀትና ዝናም በአንድነት ይበዙበታል። ስለዚህ ዕፀዋቱና እንስሳቱ እጅግ የበዙ ናቸው። የአላቹዋ ሜዳ በዙሪያው ደን ያለበት፥ በመካከሉ ግን ዛፍ የማይታይበት ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ዝናም ሲበዛ ረግረግ ይሆናል፤ ዝናም ሲጠፋ ደግሞ ይደርቅና ሣሩ ይለመልማል።

ይህ ሜዳ እንዴት ተገኘ? ቢባል ምክንያቱ ከምድር በታች ነው። በዚያ አገር ከአፈሩ ሥር የኖራ ድንጋይ አለ። ውኃ ወደ ታች ሲሰርግ ድንጋዩን ቀስ በቀስ እያሟሟ ዋሻ ያደርገዋል፤ የዋሻው ጣራ በተደረመሰ ጊዜ ምድሪቱ ትሰጥማለች። በብዙ ዘመን ብዙ እንዲህ ያሉ ጎድጓዶች እርስ በርሳቸው ተገናኝተው ሰፊ ሜዳ ሆኑ። በሜዳውም ዳር ውኃው ሁሉ ወደ ምድር ሆድ የሚገባበት አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ባርትራም ወደዚያ በደረሰ ጊዜ ዓሣዎች በጉድጓዱ ውኃ ተጨናንቀው፥ አሊጌተር የሚባሉት የአዞ ወገኖችም እነርሱን ለመብላት ተሰብስበው አገኘ።

የዚያ ምድር ባለቤቶች ሴሚኖል የሚባሉ ሕዝብ ነበሩ። መንደራቸው ከስኮዊላ ይባል ነበር፤ አለቃቸውም አሃያ ይባል ነበር። አሃያ ብዙ የቀንድ ከብት ስለ ነበረው እንግሊዞች ላም ጠባቂ የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ባርትራም ወደ እርሱ ቀርቦ አበባና ቅጠል ለመሰብሰብ እንደ መጣ ነገረው። አለቃውም ይህን በሰማ ጊዜ ተደሰተ፤ በአገሩ ሁሉ ያለ ፍርሃት እንዲዞር ፈቀደለት፤ ፑክ ፑጊ የሚል ስምም ሰጠው፤ ትርጓሜውም አበባ ፈላጊ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ወደ ሰው አገር ብዙዎች መሬት ፈልገው ይመጡ ነበር፤ አበባ ብቻ ፈልጎ የመጣ ሰው ግን ለአለቃው አዲስ ነገር ነበረ።

ባርትራም በሜዳው ላይ የሴሚኖሎች ከብትና ፈረስ፥ አጋዘንም፥ የዱር ተርኪም፥ ክሬን የምትባለውም ረጅም ወፍ በአንድነት ሲሰማሩ አየ። ክሬን እንደ ሽመላ አንገቷና እግሯ ረጅም ነው፤ ላባዋ ግራጫ ነው፤ ግንባሯም ላይ ቀይ ምልክት አለ። ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል። ባርትራም አንድ ጊዜ የዚህችን ወፍ ሥጋ በመረቅ ቀምሶ እንደ ጣፈጠው ጽፏል፤ ነገር ግን ሌላ ምግብ እስካላጣ ድረስ ሥጋዋን ከመብላት ይልቅ በሰማይ ላይ ስትጮኽ መስማትን እንደሚመርጥ ደግሞ ጽፏል።

ባርትራም ሜዳውን በብዕርና በቀለም ሣለው። ሥዕሉን የሚያይ ሰው በሜዳው ዳር የቆመ ሳይሆን እንደ ንስር ከላይ ሆኖ የሚመለከት ይመስለዋል። ሥዕሉ እኩሌታው እንደ ካርታ፥ እኩሌታው እንደ መልክዓ ምድር ሥዕል ነው፤ ዛፎቹ በዳር በዳር ቆመዋል፤ ውኃውም ወደ ጉድጓዱ የሚሄድበት መንገድ ይታያል። በሌላ ሥዕሉ ደግሞ በውኃ ላይ የሚያብብ የታላቅ ተክል ቅጠልና አበባ ይታያል፤ ከሥሩም የውኃ ወፍ በትንሹ ተሥሏል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ባርትራም ወፉን ብቻውን፥ ተክሉንም ብቻውን መሣል አልበቃውም። ወፉ ከውኃው፥ ውኃው ከምድሩ፥ ተክሉም ከሁሉ ጋራ እንደሚኖር ለማሳየት ይወድ ነበር።

እንዲህ ያለ ሥዕል በችኰላ አይሠራም። ወፍን የሚሥል ሰው ወፉ እንዳይበርርበት ዝም ብሎ መቆየት አለበት። ትንኝ ቢነድፈው መታገሥ፥ ፀሐይ ቢያቃጥለው መታገሥ፥ ዝናም ቢመታው ወረቀቱን ከራሱ አስቀድሞ መሸፈን አለበት። ቅጠልንም የሚሥል ሰው ጅማቶቹን አንድ በአንድ መከተል አለበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ ሥዕልም በትዕግሥት ሕይወት ያገኛል። ደግሞም ፍጥረትን ለረጅም ጊዜ የሚመለከት ሰው ልቡ እየራራ ይሄዳል። በፍሎሪዳ አንድ ጊዜ የባርትራም የመንገድ ጓደኛ የሆነ አዳኝ አንዲት እናት ድብ ገደለ። ግልገሏም ወደ ሬሳዋ ቀርቦ እያሸተተ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ። ባርትራም አዳኙ ግልገሉን እንዳይገድል ለመነው፤ አዳኙ ግን አልሰማውም። ባርትራምም በግድያው እንደ ተባበረ ሰው ልቡ እንደ ወቀሰው በመጽሐፉ ጽፏል።

ሠዓሊ እንደ ምስክር ነው፤ ያየውን ብቻ ሊናገር ይገባዋል። ባርትራም በሴንት ጆንስ ወንዝ ላይ አሊጌተሮች ሲዋጉ አይቶ ሣላቸው፤ ስለ እነርሱም በሰፊው ጻፈ። አሊጌተር ሲያገሣ ውኃው እንደሚናወጥ፥ እናቲቱ ከሣርና ከጭቃ እንደ ጕልላት ያለ ጎጆ ሠርታ እንቁላሎቿን በውስጡ እንደምታኖር፥ ልጆቿንም እንደምትጠብቅ ተናገረ። ብዙ ሰዎች ይህን በሰሙ ጊዜ ተረት ነው ብለው ሳቁበት። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ጎጆውንም፥ የእናቲቱንም ጥበቃ፥ በጀርባዋ ላይ የሚንቀጠቀጠውንም ውኃ በዓይናቸው አዩ። እውነተኛ ምስክር ለጊዜው ቢናቅ ዘመን ራሱ ይመሰክርለታል።

ነገር ግን ባርትራም በሁሉ ነገር ፍጹም ነበረ ማለት አይደለም። የሣላቸው አሊጌተሮች ከአዞ ይልቅ ዘንዶ ይመስላሉ። የአላቹዋን ሜዳ ዙሪያ 50 ማይል ያህል ብሎ ገመተ፤ በመለኪያ የተለካው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ዓይን ሲደነቅ የሚያየውን ነገር ታላቅ ያደርገዋል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው በዓይኑ ባየ ጊዜ ደግሞ በገመድና በቁጥር መለካትን አይንቅም።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ባርትራም ስለ ሜዳው ውበትና ስለ አፈሩ መልካምነት ሲጽፍ፥ ያ አገር ቢታረስ ከ100000 ሰው በላይ ሊመግብ ይችላል ብሎ ጻፈ። ነገር ግን አገሩ ባለቤት ነበረው። መጽሐፉ በ1791 በፊላዴልፊያ ታተመ፤ በእንግሊዝ አገር የነበሩት ባለ ቅኔዎች ኮልሪጅና ወርድዝወርዝ አንብበውት ለግጥማቸው ሐሳብ አገኙበት። ሌሎች ሰዎች ግን የፍሎሪዳን ምድር የፈለጉት ለግጥም አልነበረም። ከአሃያ በኋላ አለቃ የሆነው ፔይን በ1812 ከጆርጂያ ከመጡ ወታደሮች ጋራ ሲዋጋ ቆስሎ ሞተ፤ በሚከተለውም ዓመት መንደሩ ተቃጠለ። ከ1835 እስከ 1842 በተደረገው ጦርነት ብዙዎቹ ሴሚኖሎች ከአገራቸው ተነቅለው ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ወደ ምዕራብ ተወሰዱ፤ ጥቂቶች ብቻ በደቡብ ፍሎሪዳ ረግረጎች ውስጥ ተሸሽገው ቀሩ። ልጆቻቸው ዛሬም በፍሎሪዳና በኦክላሆማ ይኖራሉ። ሜዳውም በአለቃው ስም የፔይን ሜዳ ተብሎ ይጠራል፤ ስሙ ቀረ፥ ባለ ስሙ ግን በሜዳው አልቀረም። የሰውን አገር ውበት ማድነቅ መልካም ነው፤ አድናቆት ወደ ምኞት፥ ምኞትም ወደ ቅሚያ እንዳይሄድ ግን ልብን መጠበቅ ይገባል።

ሜዳው ራሱም ብዙ መከራ አየ። በ1871 ውኃው የሚገባበት ጉድጓድ ተደፈነ፤ ሜዳውም ሐይቅ ሆነ፤ በእንፋሎት የሚሄዱ ጀልባዎች ዕቃና ሰው ይጭኑበት ጀመር። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1891 ውኃው እንደ ገና ወደ ምድር ውስጥ ሰጠመ፤ ጀልባዎቹ በጭቃ ላይ ቀሩ፤ ዓሣዎቹም አለቁ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ቦይ ቆፍረው ረግረጉን አደረቁት፤ የከብት ማሰማሪያም አደረጉት። በብዙ ዘመን የኖሩት ወፎችም ስፍራቸው ጠበበባቸው።

ከዚህ በኋላ የፍሎሪዳ መንግሥት በ1970 ምድሩን ገዛ፤ በ1971ም የተጠበቀ የዱር ስፍራ አደረገው። የተጠበቀው ምድር ስፋት 21000 ኤከር ያህል ነው። በዚያን ጊዜ ጠባቂዎቹ አንድ ጥያቄ ገጠማቸው፤ ይኸውም ሜዳው ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለስ ሲባል የቀድሞ መልኩ የትኛው ነው? የሚል ነው። ሜዳውን በቀድሞ መልኩ ያየ ሰው በሕይወት አልነበረም። የባርትራም ጽሑፍና ሥዕል ግን ነበረ። እርሱ በ1774 ያየው ሜዳ ለሥራቸው ምሳሌ ሆነላቸው። ውኃው በቀድሞ መንገዱ እንዲሄድ ከቦዮቹ አንዳንዶቹን ደፈኑ፤ ቁጥቋጦ ሜዳውን እንዳይሸፍነው በጥንቃቄ እሳት ይለቁበታል፤ በ1975ም ከዚያ አገር ጠፍቶ የነበረውን ባይሰን የሚባለውን የዱር በሬ መልሰው አመጡ። ዛሬ በብርድ ወራት ብዙ ሺህ ክሬኖች ከሰሜን መጥተው በሜዳው ላይ ይሰፍራሉ፤ አሊጌተሮች በጉድጓዱ ዳር ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሠዓሊዎችም ቀለማቸውን ይዘው በሜዳው ዳር ይቆማሉ። አስቀድሞ የቆመው አበባ ፈላጊ መንገዱን አሳይቷቸዋል።

ባርትራም በደቡብ አገር ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ነጭ አበባ ያላት ዛፍ ነበረች። ከአባቱ ጋራ በ1765 በጆርጂያ በአልታማሃ ወንዝ አጠገብ አይቷት ነበር፤ በኋላም ዘሯን ሰብስቦ በአባቱ የአትክልት ቦታ ተከላት፤ መልኳንም ሣላት። ፍራንክሊኒያ ተባለች። ከ1803 ወዲህ ግን በዱር ያያት ሰው የለም። ዛሬ በዓለም በልዩ ልዩ የአትክልት ቦታዎች የምትበቅለው ፍራንክሊኒያ ሁሉ ከባርትራም ዘር የተገኘች እንደ ሆነች ሊቃውንት ይናገራሉ። አንድ ሰው ጐንበስ ብሎ ጥቂት ዘር ባያነሣ ኖሮ ይህች ዛፍ ከምድር ፈጽማ በጠፋች ነበር።

ባርትራም ከጉዞው ከተመለሰ በኋላ በአባቱ የአትክልት ቦታ በጸጥታ ኖረ። በ1802 አሌክሳንደር ዊልሰን የሚባል ከስኮትላንድ የመጣ ድሃ አስተማሪ በዚያ አጠገብ በሚገኝ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ወፎችን መሣል ይፈልግ ነበር፤ እጁ ግን ገና አልሰለጠነም ነበር። ባርትራም በዚያን ጊዜ ከስድሳ ዓመት በላይ ነበረ፤ ነገር ግን አልናቀውም። መጻሕፍቱን ከፈተለት፤ ሥዕሎቹን አየለት፤ እንዲበረታም መከረው። ዊልሰንም ተምሮ ስለ አሜሪካ ወፎች ዘጠኝ ክፍል ያለው ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1808 ታተመ። ባርትራም በልጅነቱ ስጦታው ተንቆበት ነበር፤ በሽምግልናው ግን የሌላውን ሰው ስጦታ አልናቀም። በ1823ም በዚያው ባደገበት የአትክልት ቦታ አረፈ።

ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ብዙ ነገር ልትማሩ ትችላላችሁ። ከባልንጀሮቻችሁ መካከል በቁጥር የሚደክም፥ በንግድ የማይቀና፥ ነገር ግን በእጁ ልዩ ስጦታ ያለው ቢኖር አትሳቁበት። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ የሰጠው ዕቃ ልዩ ልዩ ነው፤ ማሰሮውን ስለ ምን ወንፊት አልሆንክም ብሎ የሚቈጣ ሰው የለም።

ደግሞም ዓይናችሁን አስተምሩት። አንዲት ቅጠል ወስዳችሁ ተመልከቷት፤ ጅማቶቿን ቁጠሩ፤ ዳርቻዋ ለስላሳ ወይም እንደ መጋዝ የተከረከመ እንደ ሆነ እዩ፤ ከዚያ በኋላ በወረቀት ላይ ሣሏት። የሣላችሁትን ከቅጠሊቱ ጋራ አስተያዩ። ያላያችሁትን አትጨምሩ፤ ያያችሁትንም አትቀንሱ። በሥዕል ሐሰትን የማይወድ ሰው በቃሉም ሐሰትን እየጠላ ይሄዳል።

ወፍ ባያችሁም ጊዜ እጃችሁ ወደ ድንጋይ አይፍጠን። በድንጋይ የተመታችውን ወፍ አንድ ሰው ብቻ ያገኛታል፤ እርሱም ለአንድ ቀን ነው። በትዕግሥት የተሣለችውን ወፍ ግን ገና ያልተወለደ ሰው እንኳ ያያታል።